ፌንግ ሹይ እና የደጋ ቤት

የዛሬው ርዕሳችን ፌንግ ሹይ ነው። ፌንግ ሹይ ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ ቤትን የሚያደራጁበት ዘዴ ነው። በፌንግ ሹይ አስተሳሰብ፣ ቤት ውስጥ «ቺ» የሚባል የሕይወት ኃይል ይዘዋወራል። እንዴት? እስቲ የመስኖ ቦይን አስቡ። ቦዩ ከተጠረገ ውሃው እስከ ማሳው ጫፍ ይደርሳል። ድንጋይና ደለል ከሞላው ግን ውሃው ይተኛል፣ ይሸታል። በር ላይ የተከመረ ዕቃም ቺን እንደዚያ ያግዳል ይላሉ።

እርግጥ ነው፣ ቺ መኖሩን ሳይንስ አላረጋገጠም። አየርና ብርሃን ግን ለጤና ያስፈልጋሉ። በተለይ ለእኛ ለደጋ ነዋሪዎች! ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አንኮበርም ጭጋግ የማይለየው ደጋ ነው። ታዲያ ብርዱን ፈርተን መስኮት እንዘጋለን። አሮጌ ባና፣ ጆንያ፣ የተሰበረ ወንበር ሳይቀር ጓዳ ውስጥ እንቆልላለን። እርጥበት ይታመቃል፣ ግድግዳው ይሻግታል። አስም ላለበት ልጅ ደግሞ ሻጋታ ከባድ ነው።

ስለዚህ ጳጉሜን ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ ቤት ስናጸዳ፣ ከመስኮቱ ሥር እንጀምር። የማንጠቀምበትን ለሚጠቅመው ሰው እንስጥ። ባናውን ፀሐይ ላይ እናስጣው። ከሰል በሚነድበት ሰዓት ደግሞ፣ አደራ፣ ብርድም ቢሆን መስኮቱ ይከፈት።