አብሮን የተወለደው ዘበኛ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ዘበኛ ነው። በደጃፍ ስለሚቆመው ዘበኛ አይደለም፤ በሰውነታችን ውስጥ ሆኖ ሌት ተቀን ስለሚጠብቀን ነው።

እስቲ ከምናውቀው ቦታ እንነሣ። በእንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገናን ሐይቅ አስቡ። እሳተ ገሞራ የቆፈረው ጥልቅ ሐይቅ ነው። ከዚያ ውሃ አንዲት ጠብታ ብንወስድ በዓይን የማይታዩ ብዙ ተሕዋስያን ይገኙባታል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በሽታ አምጪ ጀርሞች ሊሆኑ ይችላሉ። እንቁራሪቱ ውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ ወፉ ያርፍበታል፤ ትንኙ ይራባበታል። ታዲያ ይህ ሁሉ ፍጥረት ከጀርም ጋር እየዋለ እያደረ እንዴት በየቀኑ አይታመምም?

ምክንያቱ ይህ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ አብሮት የሚወለድ መከላከያ አለው። በሰውነቱ ውስጥ ጀርምን ለይተው የሚያውቁ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ሊቃውንት «ተቀባዮች» ይሏቸዋል። ሥራቸው ፊደል እንደ መለየት ነው። እናንተ «ሀ»ን ከ«ለ» እንደምትለዩ ሁሉ፣ ተቀባዩም የጀርሙን ምልክት ከራሱ አካል ይለያል። ምልክቱን እንዳየ «ጠላት ገባ!» ብሎ ያስጠነቅቃል።

ምልክቱ ምንድን ነው? ለምሳሌ ብዙ ባክቴሪያዎች የሚዋኙበት ጅራት አላቸው። አንዱ ተቀባይ የሚያውቀው ይህ ጅራት የተሠራበትን ነገር ነው። ጀርሙ እንዳይታወቅ ጅራቱን ልጣል ቢል መዋኘት ያቅተዋል።

እናንተ ፊደል የለያችሁት ተምራችሁ ነው። ተቀባዩን ግን ማንም አላስተማረውም። ከወላጅ የወረሰው ነው። ወላጆቹስ ከየት አገኙት?

የስንዴ ማሳን ተመልከቱ። ዋግ ሲመታው አንዳንዱ ሳይጎዳ ይተርፋል። ገበሬው ለዘር የሚያስቀረው ከተረፈው ነው። ዓመት በዓመት እንዲህ ሲሆን ዋግ የሚቋቋመው ይበዛል። በእንስሳትም እንዲሁ ነው። ጀርሙን ለመለየት የተሻለ ተቀባይ ይዞ የተወለደው ተርፎ ወለደ፤ ያልያዘው ብዙውን ጊዜ ሳይወልድ ሞተ። ይህ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሲሠራ የኖረ ነው።

ማስረጃው ከዝንብ ተገኘ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 በፈረንሳይ አገር ዡል ሆፍማንና የሥራ ባልደረቦቹ አንድ ነገር አሳዩ። «ቶል» የሚባለው ተቀባይ የተበላሸባት ትንሽ ዝንብ ሻጋታ ወርሯት ትሞታለች። በ1998 ደግሞ አሜሪካዊው ብሩስ ቦይትለር የዚሁ ዘመድ የሆነ ተቀባይ በአይጥ ላይ ምን እንደሚሠራ አሳየ። ሁለቱም በ2011 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሊቃውንት መካከል ናቸው። በሰው ውስጥ የቶል ዘመዶች 10 ናቸው። የባሕር ዣርት የሚባለው እንስሳ ግን ከ200 በላይ አለው! ዝንቧ 9 ሲኖራት ንቧ 5 ብቻ ነው ያላት። እንግዲህ ዘበኛው ከአንድ ዘር ይምጣ እንጂ በየቤቱ ቁጥሩ ይለያያል።

አንዳንዱ ደግሞ ዘበኛውን አጥቶ ቀርቷል። ዳክዬ የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ የሚለይ «ሪግ አንድ» የሚባል ተቀባይ አላት። ዶሮ ግን የላትም። የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ሲገባ ዳክዬዋ ብዙ ጊዜ የምትተርፈው፣ ዶሮዋ የምታልቀው፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? አብሮን የተወለደው ዘበኛ ፈጣን ነው፤ ብቻውን ግን ሁልጊዜ አይበቃም። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉትን ዘመን እናስታውስ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የደስታ በሽታ በአገራችን ገብቶ ከከብቱ ከአሥር ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል። ከብቶቹ ዘበኛ አልነበራቸውም ማለት አይደለም፤ በሽታው አዲስ ሆነባቸው። በሬ ሲያልቅ ማሳው ጦም አደረ፤ ሕዝብም በረሃብ አለቀ።

ያ በሽታ ዛሬ የለም። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፋው በየአገሩ በተደረገ ክትትልና ቁጥጥር የታገዘ ክትባት ነው። ሰው፣ ከብትና ዶሮ ሁለተኛ ዘበኛም አላቸው። ይህኛው መጀመሪያ ላይ ዘገምተኛ ነው፤ ግን ይማራል፣ ያየውንም አይረሳም። ክትባት ማለት ለእርሱ የጠላትን መልክ አስቀድሞ ማሳየት ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዶሮዎቻችሁን ፈንግል ሳይገባ አስከትቡ። ከብቶቻችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲመጣ አትደብቁ። የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ ቀኑን ራሳችሁ አንብቡ። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ነው።

ደህና ሁኑ!

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ተቀባይ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው?
2. አብሮን የተወለደው ዘበኛና ክትባት የሚያስተምረው ዘበኛ በምን ይለያያሉ?
3. በቀበሌያችሁ ያልተከተበ ልጅ ወይም ከብት አለ? ምን ልታደርጉ አሰባችሁ?