አፋችንን ከመክፈታችን በፊት እንጠይቅ
(በማኅበራችን የቢቸናና የሞጣ አባላት የጋራ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል ስለ ቁጠባና ብድር ስንናገር ለምዳችኋል። ዛሬ የምንናገረው ስለ ጥርስ ሕክምና ንጽሕና ነው። ነገሩ ከሂሳቡ የራቀ አይደለም፤ አባሎቻችን ለድንገተኛ ብድር ከሚመጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ሕመም ነው። ጥርሷን ሌሊቱን ሲያማት ያደረች ሴት ቅርብ ያለውንና ዋጋው የቀለለውን ትመርጣለች። ጉጠት ይዞ የሚነቅል ሰው ካገኘች እዚያው ትቀመጣለች። ልጁን ያስቀመጠው የወተት ጥርስ ነው ተብሎም የሕፃን ድድ በስለት ይቀደዳል። ያ ጉጠት፣ ያ ስለት ከዚያ በፊት የማንን ደም እንደነካ ግን አንጠይቅም።

ጥርስ ሲነቀል ደም ይፈሳል። በደም ከሚተላለፉት መካከል ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ ይገኛሉ። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። የወፍ በሽታ የምንለው የዓይን ቢጫ መሆን አንዱ መነሻው ይኸው ቫይረስ ነው። ብዙ ሰው ምልክት ሳያይ ዓመታት ይኖርና ጉበቱ ከተጎዳ በኋላ ያውቃል።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት በአንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ የመሣሪያ ንጽሕና ጉድለት ተገኝቶ 7,000 ያህል ታካሚዎች እንዲመረመሩ ተጠርተዋል። የጉበት ቫይረስ ሲ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው መተላለፉም በምርመራ ተረጋግጧል።

«መሣሪያው ተቀቅሏል» ሲሉን ደስ ይለናል። መቀቀል ግን አይበቃም። ቢቸናም ሞጣም ደጋ ናቸው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውኃችን 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ጠንካሮቹ ተሕዋስያን በዚህ አይሞቱም። መሣሪያው መጀመሪያ በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ አውቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት ማሽን 121 ዲግሪ ላይ የተወሰነለትን ደቂቃ መቆየት አለበት። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍም ይህን አይተካም። በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው ቴፕ ሙቀት ሲያገኝ መስመሩ ይጠቁራል። ቴፑ ጥቅሉ ማሽን ውስጥ መግባቱን ያሳያል፤ ማሽኑ በትክክል መሥራቱ ግን በየጊዜው በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ጥቅሉ ፊታችን ይከፈታል ወይ? ጓንቱ አዲስ ነው ወይ? የማደንዘዣው መርፌና መድኃኒት ለእኛ ብቻ የተከፈተ ነው ወይ? መጠየቅ ሐኪምን መድፈር የሚመስለን አለን። በገበያ ጤፍ ስንገዛ እፍኝ ዘግነን አይተን አይደለም ወይ? ሥራውን በደንብ የሚሠራ ባለሙያ በጥያቄው አይከፋም።

በጤና ተቋማት የጽዳት ሥራ የምትሠሩ እህቶችን ደግሞ በተለይ እናስባለን። መርፌ በቆሻሻ ከረጢት ውስጥ አይጣልም፤ ቦታው ሴፍቲ ቦክስ ነው፤ ሳጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። መርፌ ከወጋችሁ ሳትጨምቁ በውኃና በሳሙና ታጠቡ፣ በዚያው ሰዓት ለኃላፊው ንገሩ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። ሥራችንን አጣለሁ ብሎ መደበቅ ከሥራው የበለጠ ያሳጣል።

ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለጥርስ ሕመም የሚጠየቅ የድንገተኛ ብድር ወረፋ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ይከፈል፤ አባሏ ከጤና ተቋም ደረሰኝ ታምጣ። ገንዘብ በማጣት ወደ ጉጠቱ የምትሄድ እንዳትኖር ነው። ሁለተኛ፣ በጽዳት ሥራ ላይ ያሉ አባሎቻችን ተመርምረው የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ይውሰዱ። ክትባቱ በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ የሚሰጥ ስለሆነ ወጪውን ከፋፍለን መያዝ እንችላለን። ደጋፊዎቻችንን የምንለምነው ለዚህ ነው።

ተወያዩበትና ድምፅ ስጡበት።