ደም ከመስጠታችን በፊት
(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ጤና እንድናገር ሲጠይቀኝ ርእስ ለመምረጥ አልተቸገርኩም። ሐኪም መሆኔን የሚያውቅ የድሮ ጓደኛ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሰውነቴ ዝሏል፤ ቪታሚኔን በደም ልታይ እንዴ?» ዛሬ ለሁላችሁም ባንድ ጊዜ መልሼ እፎይ ልበል።

«ሁሉንም ቪታሚን እዩልኝ» ብሎ ላቦራቶሪ መሄድ ለአብዛኞቻችን አያስፈልግም። ምርመራ ለጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ጥያቄው ሳይታወቅ ደም ቢቀዳ፣ የሚገኘው በወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው። ድካም ከደም ማነስ፣ ከታይሮይድ፣ ከስኳር፣ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከድብርትም ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ መጀመሪያ ሊጠይቃችሁና ሊያያችሁ ይገባል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ላለነው ግን ሊረሳ የማይገባው አንድ ቪታሚን አለ፤ ቢ12።

ለምን እሱ? ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ብዙ ጥሩ ነገር አላቸው፤ ቢ12 ግን የላቸውም። የእንጀራው ሊጥ መቡካቱም አስተማማኝ ምንጭ አያደርገውም። ረቡዕና ዓርብን፣ የሁዳዴን 55 ቀን፣ ነቢያትን፣ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታን የሚጾም ሰው የዓመቱን ትልቅ ክፍል ያለ እንስሳት ምግብ ያሳልፋል። ልብ በሉ፣ ጾም ብቻውን በሽታ ያመጣል ማለቴ አይደለም። ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻል፤ በፍስኩ ደህና የሚበላ ሰው ቋቱን መልሶ ይሞላል። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ነገር ሲደረብበት ነው።

የሚደረቡት ሦስት ናቸው። አንደኛው ዕድሜ ነው። ቢ12ን ከምግብ ለመለየት የጨጓራ አሲድ ያስፈልጋል፤ ይህ አሲድ ደግሞ በብዙ አዛውንቶች ላይ ይቀንሳል። ሁለተኛው ለስኳር የሚወሰደው ሜትፎርሚን ነው። ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 ወደ ደም እንዳይገባ ያዳክማል፤ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም ሜትፎርሚን የሚወስዱ ሰዎች በየጊዜው እንዲመረመሩ ይመክራል። ሦስተኛው ኦሜፕራዞልንና መሰሎቹን የጨጓራ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ መውሰድ ነው። እስቲ ራሳችሁን ቁጠሩ፤ ጿሚ፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆነ፣ ስኳር ያለበት፣ ጨጓራውን የሚታከም ሰው ከመካከላችን ስንት ነው?

አሁን ዋናው ነገር። የቢ12 እጥረት ነርቭን ይጎዳል። እግር ይደነዝዛል፣ መዳፍን መርፌ መርፌ ይለዋል፣ በጨለማ ሲራመዱ ያንገዳግዳል፣ መርሳት ይመጣል። እኛስ ምን እንላለን? «እርጅና ነው!» ያስተማሩን መምህር ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ ቢይዙ፣ የተማሪያቸው ስም ቢጠፋባቸው፣ ክንዳቸውን ደግፈን «ዕድሜ አይደል» ብለን እናልፋለን። አዎ፣ ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ቢ12 ከሆነ ግን የሚታከም ነገር ነው፤ በጊዜ ካልተደረሰበት ደግሞ የተጎዳው ነርቭ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ሊዘገይ አይገባም።

በሽታው ድሮ ገዳይ ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ዊፕል፣ ማይኖትና መርፊ የተባሉ ሐኪሞች የኖቤል ሽልማት ያገኙት ደም ማነስን ጉበት በማብላት ማከም እንደሚቻል ስላሳዩ ነው። ዛሬ በአንድ ክኒን ወይም መርፌ ይታከማል።

ስለ ምርመራው ሦስት ነገር ያዙ።

መጀመሪያ፣ ከመርፌው በፊት ደሙ ይቀዳ። ሰው ሲደክመው ፋርማሲ ጎራ ብሎ ቢ ኮምፕሌክስ መወጋት ለምዶብናል። ከተወጉ በኋላ ቢመረመሩ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ችግሩ ተሸፈነ ማለት ነው። ምልክቱ ከባድ ከሆነ ግን ደሙ እንደተቀዳ ሕክምናው ይጀመር፤ ውጤት አይጠበቅ።

ሁለተኛ፣ «ደም ማነስ የለብህም» መባል አይበቃም። የነርቭ ጉዳት ደም ማነስ ሳይኖርም ይመጣል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ሲወሰድ ደግሞ ደሙ ይስተካከላል፤ ነርቩ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል።

ሦስተኛ፣ ቁጥሩን ከሐኪም ጋር አንብቡት። ብዙ ጊዜ በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች እጥረት ነው ይባላል። ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ስለሆነ፣ በሚገኝበት ቦታ ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚባል ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዛል።

«ክኒኑስ ጾም አያስገድፍም?» ለሚለኝ፣ የሃይማኖቱን መልስ ለንስሐ አባት እተዋለሁ። እኔ የማውቀውን ልናገር፦ ቢ12ን በተፈጥሮ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ፋብሪካም የሚያመርተው ከባክቴሪያ ነው። ከእንስሳ ሊሠራ የሚችለው የካፕሱሉ ሽፋን ነው፤ ስለዚህ ሽፋን የሌለውን እንክብል ጠይቁ።

ከውጭ ለመጣችሁ ስለ ቪታሚን ዲ ጥቂት ልበል። በስቶክሆልምና በቶሮንቶ ክረምት ፀሐዩ ደካማ ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ቪታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ሞልቶ ሳለ ኑሮው ቤት ውስጥ ነው። ቢሆንም በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካው የኢንዶክሪን ማኅበር መመሪያ ጤነኛ አዋቂዎች በልማድ እንዲመረመሩ አይመክርም። ተመርምራችሁ ውጤት ካነጻጸራችሁም መለኪያውን እዩ፤ የቶሮንቶው 50 ናኖሞል የዋሽንግተኑ 20 ናኖግራም ነው፤ ልዩነት የላቸውም። ዲ በሰውነት ስለሚከማች ሲበዛ ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊት ይጎዳል። «ቪታሚን ነው፣ ምን ያደርጋል» አይባልም።

ለፀጉርና ለጥፍር ባዮቲን የምትወስዱ ደግሞ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ፤ የታይሮይድንና የልብን ምርመራ ያዛባል።

ለወጣት መምህራንና ምሩቃን አንድ ቃል፦ እርግዝና የምታስብ ሴት ቪታሚኗን እስክትመረመር አትጠብቅ። የጽንሱ ነርቭ ቱቦ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ብዙዎች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ። ስለዚህ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከእርግዝናው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይጀመራል።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ጡረታ የወጡ መምህሮቻችንን ስንጠይቅ ብርቱካንና አበባ መያዛችን ጥሩ ነው። እግርዎን ይደነዝዝዎታል? የሚወስዱት መድኃኒት ምንድን ነው? ቢ12 ታይተው ያውቃሉ? ብለን ደግሞ እንጠይቃቸው። አዎ ካሉን፣ አንዳችን መኪና ይዘን ወደ ሐኪም እናድርሳቸው። ጥያቄ መጠየቅን ያስተማሩን እነሱ ናቸውና።

 ለከርሞ በጤና ያገናኘን።