ዛንዚባር በአቅም

ከነቀምቴም ሆነ ከኑኑ ቁምባ ተነስቶ ባሕር ማየት የሚመኝ ሰው ዛንዚባርን ማሰቡ አይቀርም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይበርራል። ደሴቷ ግን ውድ ናት።

ዋጋውን በዋናነት የሚወስነው ወቅቱ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም እና በፈረንጆች ገና ሰሞን ቱሪስት ይጎርፋል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ከባዱ ዝናብ ስለሚጥል ሆቴሎች ዋጋ ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹም ይዘጋሉ። እኔ የምመክረው ኅዳርን ነው፤ ዝናቡ መጣ ሄድ የሚል ነው፣ ዋጋውም ገና አልናረም።

በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ቀለል ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ። ታዲያ እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ርቆ ይሸሻል፤ አሸዋውና የባሕር ሣሩ ብቻ ይቀራል፣ የሚዋኘውም ውኃው ሲመለስ ነው። ዋና ከወደዱ ሰሜኑ፣ ኑንግዊ፣ ይሻላል።

ከታክሲ ይልቅ ዳላዳላ በተባለው የሕዝብ መኪና ይሂዱ። እራትዎን ስቶን ታውን፣ ፎሮዳኒ ገበያ ላይ ይብሉ።

ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለውጭ አገር ጎብኚ ግዴታ የሆነውን የ44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስም አይርሱ። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የቪዛዎን ጉዳይ ይጨርሱ።