ኮድን በጋራ ስለ ማንበብ
(በጉለሌ ክፍለ ከተማ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እዚህ በጉለሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው የዕፅዋት ማዕከል ይገኛል። አንድ ተማሪ ማዕከሉን ጐብኝቶ ስለ አገራችን ዕፅዋት ለማንበብ ቢፈልግና በቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ላይ «እጽዋት» ብሎ ቢጽፍ፥ መጽሐፉ ግን «ዕፅዋት» ተብሎ ተመዝግቦ ቢኾን ምን ይደርሳል? ለጆሯችን አንድ የኾነው ቃል ለኮምፒዩተሩ ሁለት ነው። አንድ መኾናቸው በፕሮግራሙ ካልተጻፈለት በቀር «የለም» ብሎ ይመልሳል። መጽሐፉም ከመደርደሪያው ሳይጠፋ ከአንባቢው ይጠፋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ከ«ፅ» ቁጥር ላይ 8 ቢቀነስ «ጽ»፥ ከ«ዕ» ቁጥር ላይ 48 ቢቀነስ «እ» ይገኛል። እንግዲህ ማስተካከያው የጥቂት መስመር ኮድ ነው።

«ታዲያ ፕሮግራም አዋቂው ብቻውን ይጨርሰው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በግዕዝ «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው፤ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። በትግርኛም «ሐ»ና «ሀ»፥ «ዐ»ና «አ» በድምፅ ይለያያሉ። ለአማርኛው አንባቢ መንገድ የጠረገ ኮድ የግዕዙንና የትግርኛውን አንባቢ ሊያሳስት ይችላል። ይህን ለመወሰን የኮድም የቋንቋም የካታሎግም ዕውቀት ያስፈልጋል፤ ሦስቱ በአንድ ሰው ዘንድ ሁልጊዜ አይገኙም፥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ይገኛሉ።

የሚነበብስ አለን? አለን። «ኮሃ» የተባለው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም በኒው ዚላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ላይ ዋለ። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው። ኮዱን ማንም እንዲያነበውና እንዲያሻሽለው ተፈቅዷል። ሳናነበው ብንቀር ግን ሌሎች በወሰኑልን ማደራችን ነው።

አብሮ ማንበብ ለእኛ አዲስ ሥርዓት አይደለም። በመጻሕፍት ቤት ደቀ መዝሙሩ ያነባል፥ መምህሩ «አንድም» እያለ ይተረጕማል። እኛም እንዲሁ በየ15 ቀኑ አንድ ገጽ ኮድ እንምረጥ። አንዱ ያንብብ፤ ሌላው እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ ያስረዳ፤ ሦስተኛው «ይህ መስመር የማንን መጽሐፍ ይሰውራል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ጸሐፊውም የተባለውን ይመዝግብ። «አልገባኝም» ማለትም እንደ መዋጮ ይቈጠር፤ ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የሚገኘው እዚያው ላይ ነውና።

የመጀመሪያው ንባባችን የፊደል ፍለጋው ይኹን። ሁለተኛው፥ የቤተሰብ ስም የሌለውን የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስም ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚያሰፍረው የሚወስነው ክፍል ይኹን። ከመካከላችን ፈቃደኛ የኾነ ዛሬውኑ ስሙን ያስመዝግብ።