ሊዮንቲን ፕራይስ እምቢ ያለች ጊዜ

የዛሬ የሙዚቃ ተመራቂዎች!

ምክር የሚያበዛ እንግዳ እንደሚያሰለቻችሁ ስለማውቅ የአንዲት ሶፕራኖን ነገር ላጫውታችሁ።

ሊዮንቲን ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ ሚሲሲፒ፣ ሎረል በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ፣ እናቷ አዋላጅ ነበሩ። ኦሃዮ ውስጥ ኮሌጅ የገባችው የሙዚቃ አስተማሪ ልሁን ብላ ነው። ድምጿን የሰሙ ሰዎች ግን ዝም አላሉም። ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብታ እንድትማር ዘፋኙ ፖል ሮብሰን ኮንሰርት አዘጋጅቶ ገንዘብ አሰባሰበላት። አክስቷ በቤት ሠራተኝነት የምታገለግላቸው የሎረል ነጮችም ረዷት፤ ያ ዘመን እንዲህም ነበር።

በ1952 በ«ፖርጊ ኤንድ ቤስ» ኦፔራ አውሮፓን ዞረች። በ1955 «ቶስካ»ን በቴሌቪዥን ስትጫወት አንዳንድ የደቡብ ጣቢያዎች ጥቁር ናትና አናሳይም አሉ። በ1957 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ «አይዳ»ን የምትጫወተው ጣሊያናዊት በትርፍ አንጀት ስትታመም፣ ፕራይስ ሚናውን አስቀድማ አጥንታው ስለነበር ተተካች። አይዳን መቼም ታውቋታላችሁ፤ ግብፅ ውስጥ በባርነት የተያዘች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በዓመቱ የኦርኬስትራ መሪው ካራያን ለዚሁ ሚና ቪየና ወሰዳት።

የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራም «ነይና አይዳን ዝፈኝልን» አላት። እምቢ አለች።

ነገሩን አስቡት። በልጅነቷ ጃክሰን ከተማ ሄዳ የሰማቻት ማሪያን አንደርሰን፣ በዚያ መድረክ በብቸኛ ዘፋኝነት የቆመች የመጀመሪያዋ ጥቁር፣ ዕድሉን ያገኘችው በ1955 ነው፤ ያውም በ57 ዓመቷ። እንዲህ ያለ በር ሲከፈት ማን እምቢ ይላል? መካሪዋ ፒተር ኸርማን አድለር ግን፣ ወደዚያ ቤት በእመቤትነት እንጂ በባሪያ ሚና መግባት የለባትም ባይ ነበር። በእርግጥ እምቢታዋን ቪየና ደግፋላታለች። ሌላ ሥራ የሌለው ሰው እንዲህ ደፍሮ እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ዋሸኋችሁ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1961 በ«ኢል ትሮቫቶሬ» የቤተ መንግሥት ወይዘሮዋን ሊዮኖራን ሆና ገባች። ጭብጨባው ከ40 ደቂቃ በላይ እንደቆየ ይነገራል። ሰው የሚያወራው ስለዚያ ጭብጨባ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የታገሠቻቸው ዓመታት ናቸው።

ከሜትሮፖሊታን የኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው በ1985፣ በአይዳ ነው። ዕድሜዋ 57 ነበር፤ አንደርሰን በገባችበት ዕድሜ እሷ ወጣች። የዚያን ምሽት ቅጂ ፈልጋችሁ አድምጡት። ሦስተኛው ገቢር ላይ፣ በዓባይ ዳር፣ አይዳ ዳግመኛ ስለማታያት አገሯ ታዜማለች። ወደ ከፍተኛው «ዶ» የምትወጣበትን ቦታ ደጋግማችሁ ስሙት፤ ትንፋሿን እንዴት እንደቆጠበችው መምህራኖቻችሁን ጠይቁ። የምትናፍቃት አገር ኢትዮጵያ ናት።

እንኳን ደስ አላችሁ!