ከሥራ መልስ ያለችው ሰዓት

(ላንቴ ላይ ለወጣቶች የተደረገ ንግግር ነው። መገኘት ላልቻላችሁ የገጻችን ተከታታዮች ሙሉ ጽሑፉ እነሆ። እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ሼር አድርጉት።)

 

ዛሬ ስለ ፖለቲካ እንደማወራ ጠብቃችሁ ከመጣችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ የማወራው ከሥራ ከተመለስን ጀምሮ እስክንተኛ ድረስ ስላለችው ሰዓት ነው። «ይሄ ደግሞ ከሕዝባችን ጉዳይ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ትሉ ይሆናል። በጣም ይገናኛል።

እስቲ ላንቴን እንይ። እዚህ ቀን ላይ ሰነፍ ማን አለ? ሙዙን የሚኮተኩተው፣ የውሃ ተራው ሌሊት ሲደርሰው አካፋ ይዞ የሚወጣው፣ አይሱዙ ላይ ሲጭን የሚውለው፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጠው እህታችን፣ ሁሉም ላቡን ያፈሳል። ቀን ላይ የሚያስገድደን አለ። ተራህ ካለፈ ውሃው ወደ ጎረቤት ይሄዳል፣ መኪናው አይጠብቅም፣ አሠሪው ይቆጣል። ማታ ግን ማንም አያስገድደንም።

ታዲያ ማታ ምን እናደርጋለን? ስልክ እንከፍታለን። አንዱ ብሔራችንን ሰድቦ እናገኘዋለን። እንመልስለታለን፣ እሱም ይመልሳል። ቀና ስንል አምስት ሰዓት ሆኗል። ሌላው ቤቲንግ ቤት ነው፣ የቀን ሙያተኛነቱን ማታ ለማያውቀው ቡድን ያስይዛል። ሲነጋ ሕዝባችን ምን አተረፈ? ምንም! የተሳዳቢው ገጽ ላይክ አተረፈ እንጂ።

አሁን አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ሦስት ማለት ነው። እኛ ውክልና እንጠይቃለን፣ ልማት እንጠይቃለን፣ ሐኪምና መሐንዲስ ከራሳችን ልጆች ይውጣ እንላለን። መጠየቃችን ትክክል ነው። ግን ወንበሩ ነገ ቢሰጠን ማን ይቀመጥበታል? የትምህርት ቤቱ ጉድለት ብዙ ነው፣ መጽሐፍ የለም፣ ቤተ ሙከራ የለም፤ ይሄን አልክድም፣ እንታገልለታለንም። እስኪስተካከል ድረስ ግን የማታዋ ሰዓት በእጃችን ናት።

የጋሞ ሕዝብ ልማድ ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያውቃል። መስከረም 2011 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን ተገደሉ፣ ተፈናቀሉ። አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣ ወጣት ወጣ። ሽማግሌዎቻችን እርጥብ ሳር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። አገር ሁሉ አጨበጨበልን።

ግን አስቡት፤ ያ ነገር በዚያች ቀን ብቻ የተፈጠረ ይመስላችኋል? አባቶቻችን ጸብ ሲነሳ ዱቡሻ ወጥተው መቀመጥን ልማድ አድርገውት ኖረዋል። የድንበር ጸብ ነው፣ ይቀመጣሉ። የቤተሰብ ጠብ ነው፣ ይቀመጣሉ። ማንም ቪዲዮ አይቀርጻቸውም፣ ላይክ አይሰጣቸውም። ልጁም የሳሩን ትርጉም እያየ አደገ። ለዚህ ነው በዚያ ቀን ሽማግሌው ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ወጣቱም ለማን መታዘዝ እንዳለበት ያወቀው። ክፉ ቀን ሲመጣ አዲስ ነገር መማሪያ ጊዜ የለም። ያን ቀን የሚገኘው በደህናው ቀን የተለማመድነው ነው።

እሺ፣ እንዴት እንጀምር? አራት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። የሙዝ ገበሬ ልጅ ይሄን ለማወቅ መምህር አያስፈልገውም። ከእናቲቱ ሥር የሚወጣውን ልጅ ሁሉ ከተውከው ምን ይሆናል? ሁሉም ይሻማል፣ ዘለላው ያንሳል። ጎበዝ ገበሬ እናቲቱን፣ አንድ ልጅ፣ አንድ የልጅ ልጅ ያስቀርና ሌላውን ይነቅላል። እኛ ግን ለአዲስ ዓመት «ስፖርት እሠራለሁ፣ እንግሊዝኛ እማራለሁ፣ ገንዘብ እቆጥባለሁ፣ ጫት አቆማለሁ» ብለን አሥሩን ባንዴ እንጀምርና ለዮ መስቀላ አንዱም የለም። አንዱን ምረጥ፣ እሱ ሲጸና ሁለተኛውን ጨምር።

ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። «ሲመቸኝ አነባለሁ» ማለት አላነብም ማለት ነው። «እራት በልቼ እጄን እንደታጠብኩ፣ ስልክ ሳልነካ፣ አሥር ገጽ» በል። መጽሐፉን ጠዋት ስትወጣ መኝታህ ላይ አስቀምጠው። መብራት ከጠፋ ባትሪ አለ። ማታ አያቷ አጠገብ የምትቀመጥ ደግሞ በቋንቋችን አንድ ምሳሌያዊ ንግግር ጠይቃ ደብተር ላይ ትጻፍ። በዓመት 300 ቢሞላ ራሱ መጽሐፍ ነው። ቋንቋችን ጠፋ እያሉ ፖስት ከማድረግ ይሄ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ አትጣሉት። ለቅሶ አለ፣ የውሃ ተራ አለ፣ ወባ አለ። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲጀምሩ ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። በስሌታቸው መሠረት ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል። ለአንዳንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው 254 ቀን። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ብዙም እንደማያበላሽ አይተዋል። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ቢከብድህ ሰነፍ ሆነህ አይደለም፣ ገና ነህ። ብቻ ዛሬ ካመለጠህ ነገ አይለፍህ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አራተኛ፣ ብቻችሁን አታድርጉት። ዕቁብ ስንጥል ለምንድነው ማንም የማይረሳው? የሚጠብቀን ሰው ስላለ ነው። ሦስት ሆናችሁ ተማማሉ። እሁድ እሁድ ተገናኝታችሁ «ስንት ገጽ? ስንት ቀን?» ተባባሉ። ዋሽቶ ያለፈ ሻይ ይጋብዝ!

ወንድሞቼ፣ አሁን የምናገረውን ሳትቆጡ ስሙኝ። ስለ ማታ ነፃ ሰዓት ስናወራ የማን ማታ ነው ነፃ? አንተ እግርህን ዘርግተህ ቲክቶክ ስታይ፣ እህትህ ከገበያ ተመልሳ ጀሪካን ይዛ ውሃ ትቀዳለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ዕቃ ታጥባለች። እሷም ተፈታኝ ናት። ግማሹን ሕዝብ ጓዳ ትተን «ጋሞ ይነሳ» ብንል ማን ይነሳል? የመጀመሪያ ልማድህን ገና ካልመረጥክ እኔ ልምረጥልህ፤ በየማታው አንድ ጀሪካን ውሃ አንተ ቅዳ። እሷም ያንን ግማሽ ሰዓት ታንብብበት። ሰው ቢስቅብህ ይሳቅ። ሳር ይዞ ለሰላም መንበርከክን ያላፈረ ሕዝብ ልጅ ውሃ በመቅዳት አያፍርም።

ሕዝቤን እወዳለሁ ማለት ቀላል ነው፤ ሁላችንም ፕሮፋይላችን ላይ ጽፈነዋል። ዛሬ ማታ እራት ስትበሉ ግን አንዲቷን ነገር ምረጡ። ከነገ ጀምሮ 66 ቀን ቁጠሩ። ከዚያ እዚሁ ላንቴ እንገናኝና ንግግሩን እናንተ ታደርጋላችሁ፣ እኔ እሰማለሁ።

ክብር ለአባቶቻችን! ትጋት ለትውልዳችን!